ውሃ የመሰለው ናፍጣ እና የጭሱ ሒሳብ

ቀለም የለውም፤ ሽታውም ከሞላ ጎደል የለም። በብርጭቆ ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ውሃ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ናፍጣ ነው፤ ያውም ከድፍድፍ ዘይት ሳይሆን ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ። ትልቁ ፋብሪካው የሚገኘው ኳታር ውስጥ፣ ራስ ላፋን በተባለችው የኢንዱስትሪ ከተማ ነው። አምራቾቹ ስለ ነዳጁ የሚናገሩት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሞተር መለወጥ አያስፈልግም፤ ታንከሩን ሞልቶ መንዳት ብቻ ነው፤ ጭሱ በዚያው ቀን ይቀንሳል።

የተባለው ውሸት አይደለም። በነዳጅ ማስታወቂያ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል መሠረት ያለው አባባል ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ጭሱ ቀነሰ ሲባል በየትኛው ሞተር ላይ ነው? ከየትኛው ናፍጣ ጋር ሲነጻጸር? መለኪያውስ የተተከለው የመኪናው ጭስ ማውጫ ላይ ነው ወይስ ሒሳቡ የሚጀምረው ጋዙ ከወጣበት ጉድጓድ ነው? መልሱ እንደየጥያቄው ይለያያል። የእኔ ድምዳሜ ይህ ነዳጅ በጣም የሚጠቅመው በማይገኝበት ቦታ ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ብዙም በማያስፈልግበት ቦታ ነው የሚል ነው።

ከጋዝ ወደ ሰም፣ ከሰም ወደ ናፍጣ

ዘዴው አዲስ አይደለም። ፍራንዝ ፊሸር እና ሃንስ ትሮፕሽ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በጀርመን ሙልሃይም ከተማ መንገዱን የቀየሱት እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር (ከዚህ በኋላም፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የድንጋይ ከሰል ሞልቷት የነዳጅ ዘይት ያልነበራት ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነዳጇ የተወሰነውን በዚህ መንገድ ሠርታለች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1950 ሳሶል የተባለውን ድርጅት አቋቁማ በ1955 ከከሰል ነዳጅ ማምረት ጀመረች፤ የአፓርታይድ መንግሥት ማዕቀብ ሲያንዣብብበት ፋብሪካዎቹን በሰፊው ያስፋፋውም ነዳጅ የሚሸጥለት እንዳያጣ ሰግቶ ነው። ከከሰል ይልቅ በተፈጥሮ ጋዝ መሥራት በንግድ ደረጃ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ሞሰል ቤይ እና ሼል በማሌዢያ ቢንቱሉ በከፈተው ፋብሪካ ነው።

አሠራሩ ሁለት ትላልቅ ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ከኦክስጅን ጋር በከፊል ብቻ እንዲቃጠል ተደርጎ የካርቦን ሞኖክሳይድና የሃይድሮጅን ድብልቅ ይሆናል። ቀጥሎ ይህ ድብልቅ ከ200 እስከ 240 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ኮባልት የተባለው ብረት ባለበት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ካርቦኖቹ አንዱ ከሌላው እየተሳሰሩ ረዥም ሰንሰለት ይሠራሉ። በመጨረሻ የሚወጣው ነጭ ሰም ነው። ሰሙ በሃይድሮጅን ግፊት ተሰባብሮ ናፍጣ፣ የአውሮፕላን ነዳጅ፣ ናፍታ የተባለው ከናፍጣ የቀለለ ፈሳሽና ለሞተር ዘይት የሚሆን ቅባት ይወጣዋል። በክብደት ሲታይ ፋብሪካው ከነዳጅ ይልቅ የሚያመርተው ውሃ ይበልጣል፤ በየ14 ኪሎ ነዳጁ 18 ኪሎ ግድም ውሃ ይገኛል። በረሃማዋ ኳታር ይህን ውሃ አጣርታ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ መልሳ ትጠቀምበታለች።

የጭሱ ነገር የሚጀምረው ከኮባልቱ ነው። ኮባልት ድኝ አይችልም፤ እጅግ ጥቂት ድኝ እንኳ ያደነዝዘዋል። ስለዚህ ጋዙ ካታሊስቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ድኙ ተጠራርጎ መውጣት አለበት። ነዳጁ ከድኝ የጸዳው ለሰው ሳንባ ታስቦ አይደለም፤ አለዚያ ፋብሪካው ስለሚቆም ነው። አምራቾቹ እንደ በጎ አድራጎት የሚያቀርቡት ንጽሕና የምርት ግዴታ ነው ማለት ነው፤ ለተጠቃሚው ግን ያው ንጽሕና ነው።

በነገራችን ላይ የቢንቱሉው ፋብሪካ በታኅሣሥ 1997 ከባድ ፍንዳታ ደርሶበት እስከ 2000 ድረስ ሥራ አቁሞ ነበር። ፍንዳታው የተነሣው ኦክስጅን ከአየር በሚለይበት ክፍል ሲሆን፣ ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው በዚያ ዓመት በአካባቢው በነደደው የደን ቃጠሎ ጭስ ውስጥ የነበሩ ቅንጣቶች በመሣሪያው ውስጥ መጠራቀማቸው ነው። ጭስ የማያወጣ ነዳጅ ለመሥራት የቆመ ፋብሪካ በጭስ ተበላሸ።

ጥላሸቱ ለምን ይቀንሳል?

ከድፍድፍ ዘይት የሚጣራው ናፍጣ ውስጥ አሮማቲክ የሚባሉ ሞለኪውሎች አሉ፤ ስድስት ካርቦኖች በቀለበት መልክ የተያያዙባቸው ናቸው። በተለመደው የአውሮፓ ናፍጣ ውስጥ ድርሻቸው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የጥላሸት ዘር የሚባሉት እነዚህ ቀለበቶች ናቸው። ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ባጠረበት ቦታ ቀለበት ከቀለበት እየተጣበቀ ያድግና ሳይቃጠል ጥቁር ቅንጣት ሆኖ ይወጣል። ኩራዝ ያበራ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል፤ ክሩ ትንሽ ከፍ ካለ ነበልባሉ ጥላሸት መትፋት ይጀምራል። የነዳጅ ቤተ ሙከራዎችም የአውሮፕላን ነዳጅን ጥራት ከሚመዝኑባቸው ዘዴዎች አንዱ ከዚህ የራቀ አይደለም፦ ነዳጁን በክር መብራት አቃጥለው ነበልባሉ ሳይጨስ ስንት ሚሊሜትር ከፍ ሊል እንደሚችል ይለካሉ። አሮማቲክ የበዛበት ነዳጅ ገና ዝቅ እንዳለ ያጨሳል።

ከጋዝ የተሠራው ናፍጣ ግን ቀለበት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀጥ ያሉና አልፎ አልፎ ትንሽ ቅርንጫፍ ያወጡ ሰንሰለቶች ብቻ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ነዳጅ የወጣው ኢኤን 15940 የተባለው የአውሮፓ የጥራት ደረጃ አሮማቲኩ ከ1.1 በመቶ፣ ድኙም ከሚሊዮን 5 እጅ እንዳይበልጥ ይወስናል። የጥላሸት ዘሩ ከምንጩ ስለሌለ ጥላሸቱ ይቀንሳል። ይህ የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በበቂ ማስረጃ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለተኛው ምክንያት ሴቴን የሚባለው ቁጥር ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ የጨመቀው አየር ሙቀት ነው። ነዳጁ ከተረጨበት ቅጽበት አንሥቶ እሳት እስኪይዝ ድረስ ግን ጥቂት መዘግየት አለ። በዚያች መዘግየት ውስጥ የተጠራቀመው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሲንቦገቦግ ግፊቱና ሙቀቱ በድንገት ይወጣል፤ የናፍጣ ሞተር የታወቀ ማንኳኳትም የሚመጣው ከዚያ ነው። የሴቴን ቁጥር ከፍ ባለ መጠን መዘግየቱ ያጥራል። ለመደበኛው የአውሮፓ ናፍጣ ዝቅተኛው 51 ሲሆን ከጋዝ የተሠራው ከ70 በላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ድምፁ ይለሰልሳል፣ በብርድ ጠዋት ሲነሣ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ያንሳል፣ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይቀንሳል።

የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ተንኮለኛ ነው። እነዚህ ጋዞች ከነዳጁ አይመጡም፤ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ከ1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ሲገናኙ ይፈጠራሉ። የናፍጣ ሞተር መሐንዲሶች የዘመናት ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀቱን ሲያበርዱ ጥላሸቱ ይጨምራል፣ ጥላሸቱን ለማቃጠል ሙቀት ሲጨምሩ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ይጨምራል። ከጋዝ የተሠራው ናፍጣ ትልቁ ምስጋና የሚገባው ሁለቱንም በአንድነት ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው። ነዳጅ ብቻ በመለወጥ ይህን የሚያደርግ ነገር ጥቂት ነው።

ሰባቱ የጭነት መኪናዎች

በ1998 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የታወቀ ሙከራ አሳተሙ። 10.3 ሊትር የካተርፒላር ሞተር ያላቸው ሰባት ከባድ የጭነት መኪናዎች በዚሁ የፊሸርና ትሮፕሽ ዘዴ የተሠራ ናፍጣ ተሞልተው፣ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር መለኪያ ላይ ተፈተሹ። በሞተሩ ላይ ምንም አልተነካም። ውጤቱም የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በ12 በመቶ፣ ጥላሸትና ሌሎች ቅንጣቶች በ24 በመቶ ቀነሱ የሚል ነበር።

ሰዎች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ንጽጽሩ የተደረገው ከካሊፎርኒያ ናፍጣ ጋር መሆኑን ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በናፍጣዋ ውስጥ ያለው አሮማቲክ በመርሕ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነች ግዛት ናት። ማለትም ንጹሕ ነዳጅ ከንጹሕ ነዳጅ ጋር ተወዳድሮ ነው 24 በመቶ የተገኘው። ድኝና አሮማቲክ ከበዛበት ናፍጣ ጋር ቢወዳደር ልዩነቱ ይሰፋ ነበር። በዚያ ላይ ድኝ ራሱ ተቃጥሎ የሰልፌት ቅንጣት ይሆናል፤ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠሙትን ማጽጃዎችም ያበላሻል። በናፍጣቸው ውስጥ ከሚሊዮን በመቶዎች፣ አልፎም በሺዎች የሚቆጠር እጅ ድኝ ሲፈቅዱ ለቆዩ ሀገሮች ንጹሕ ነዳጅ የሚያመጣው ለውጥ አውሮፓ ከምታየው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በአውሮፓ የመደበኛው ናፍጣ የድኝ ጣሪያ ከሚሊዮን 10 እጅ ነው፤ ከ10 ወደ 5 መውረድ ማንም የማያስተውለው ነገር ነው።

ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚጎትት ነገርም አለ፤ ስለ እሱ የሚያወሩት ግን መካኒኮችና መሐንዲሶች ብቻ ናቸው። በድሮው ሞተር ፖምፓው ነዳጁን በረዥም ቧንቧ ወደ ኢንጀክተሩ፣ ማለትም ነዳጁን ሲሊንደሩ ውስጥ ወደሚረጨው ክፍል፣ ይገፋዋል። ከጋዝ የተሠራው ናፍጣ ቀለል ያለና በግፊት ጊዜ በጥቂቱ የበለጠ የሚታመቅ በመሆኑ የግፊቱ ሞገድ ኢንጀክተሩ ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ነዳጁም ከልማዱ በጥቂቱ ዘግይቶ ይረጫል። ዘግይቶ መርጨት ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ለመቀነስ መሐንዲሶች ሆነ ብለው ሲጠቀሙበት የኖሩት ዘዴ ነው። ስለዚህ በድሮ ሞተሮች ላይ ከታየው ቅነሳ ከፊሉ የመርጫው ሰዓት ስለተዛነፈ የተገኘ ነው። ነዳጁ በከፍተኛ ግፊት በጋራ ቧንቧ ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭባቸው የዛሬ ሞተሮች ላይ ይህ ክፍል ይጠፋል።

ለአዲስ ሞተር ምን ይጨምራል?

ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ የሚያሟላ የጭነት መኪና ጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ የኬሚካል ፋብሪካ ተሸክሟል። የጥላሸት ማጣሪያው ከጥላሸቱ ከ95 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ከማጣሪያው ቀጥሎ ያለው ካታሊስት ደግሞ ዩሪያ በተቀላቀለበት ፈሳሽ እየታገዘ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጣል። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚፈቅደው ቅንጣት በኪሎዋት ሰዓት 10 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከማጣሪያው በፊት ያለው ጥላሸት በሩብ ቢቀንስም ከማጣሪያው በኋላ የሚወጣው ድሮም ከሞላ ጎደል የለም። ነዳጁ የሚያደርገው ማጣሪያው ቶሎ እንዳይሞላ፣ የዩሪያው ፈሳሽም በጥቂቱ እንዲቆጠብ መርዳት ነው። ይህ ለመኪናው ባለቤት ጥቅም ነው፤ በመንገዱ ዳር ለሚተነፍሰው ሰው ግን ያን ያህል አይታወቀውም።

በ2015 የፈነዳው የቮልስዋገን ቅሌት ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ አሳይቷል። በአሜሪካ የተያዙት መኪናዎች በፈተና ጣቢያ ንጹሕ ሆነው መንገድ ላይ ግን ከሕጉ ጣሪያ እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወጡ ነበር። ምክንያቱ ሶፍትዌሩ ነው። ማጽጃውን የሚያጠፋ ትእዛዝ ባለበት ሞተር ውስጥ የቱንም ያህል የጠራ ናፍጣ ቢሞላ ከዚህ ጎን ሲታይ ዋጋው ኢምንት ነው።

ይሁንና ነዳጁ የታወቀው በውድድር ሜዳና በአውሮፕላን ነው። በ2006 የኦዲ አር 10 መኪና በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው የናፍጣ መኪና ሲሆን ታንከሩ ውስጥ ከጋዝ የተሠራ ነዳጅ የተቀላቀለበት የሼል ናፍጣ ነበር። በጥቅምት 2009 የኳታር አየር መንገድ ግማሹ ከጋዝ የተሠራ ነዳጅ ሞልቶ ከለንደን ጋትዊክ ወደ ዶሃ መንገደኛ አጓጓዘ። ሁለቱም ነዳጁ አስተማማኝ መሆኑን ያስረዳሉ፤ ስለ ከተማ አየር ግን የሚነግሩን የለም።

የካርቦኑ ሒሳብ

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ስለ ጥላሸትና መርዛማ ጋዝ ነው። የዓለም ሙቀትን በተመለከተ ወሬው ይለወጣል። ጭስ ማውጫው ላይ ብቻ ብንለካ ከጋዝ የተሠራው ናፍጣ ትንሽ ብልጫ አለው። ከካርቦኑ ጋር ሲነጻጸር ሃይድሮጅኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ለአንድ ሜጋጁል ኃይል የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 71 ግራም ግድም ነው፤ መደበኛው ናፍጣ ደግሞ 73 ግራም ግድም።

ጋዙን ወደ ናፍጣ ለመለወጥ ግን ከጋዙ ኃይል ከሦስት አንድ እጅ በላይ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ያልቃል። ፐርል የተባለው የራስ ላፋን ፋብሪካ በቀን 1.6 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ እየወሰደ 140,000 በርሜል ፈሳሽ ያወጣል፤ ከጋዙ ጋር የሚወጡት ሌሎች ፈሳሾች ሳይቆጠሩ ነው። በልወጣው የጠፋው ኃይል ደግሞ በአመዛኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከጉድጓድ እስከ ጎማ ሲደመር ከጋዝ የተሠራው ናፍጣ ከተራው ናፍጣ ጋር እኩል ይሆናል ወይም በጥቂቱ ይብሳል። ስለዚህ «ንጹሕ ነዳጅ» የሚለው ስም የሚሠራው ለሳንባ እንጂ ለአየር ንብረት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቃል መሸፈን የሻጮች ብልሃት ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ ዘጋቢዎችም ይቀበሉታል።

ሌላም ዝቅ ብሎ የሚነገር ነገር አለ። ነዳጁ ቀላል ስለሆነ በሊትር የያዘው ኃይል ከተራው ናፍጣ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያንሳል። በሊትር የሚገዛ ሾፌር በየሙሌቱ ያንን ያህል መንገድ ያጣል፤ ያውም ዋጋው ብዙ ጊዜ ከተራው ናፍጣ በላይ ሆኖ። አሮማቲክ አለመኖሩም በድሮ ሞተሮች ላይ መዘዝ አለው። በተራው ናፍጣ አብጠው የኖሩ የጎማ ማሸጊያዎች በዚህኛው ሲነኩ ይኮማተሩና ነዳጅ ያንጠባጥባሉ። ቅባትነቱም ዝቅተኛ ነው፤ ፖምፓውን እንዳይበላ ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል።

ዋጋውና ገበያው

ፐርልን ለመገንባት 19 ቢሊዮን ዶላር ግድም ፈጅቷል፤ የመጀመሪያው ምርት የተጫነው በ2011 ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ሼቭሮን ከመንግሥት ጋር በኤስክራቮስ የገነባው፣ በቀን 33,000 በርሜል የሚያመርተው ፋብሪካ መጀመሪያ ከታሰበው ዋጋ በብዙ እጥፍ አልፎ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ሼል በ2013 መጨረሻ በሉዊዚያና ሊሠራ ያሰበውን ተመሳሳይ ፋብሪካ ሰረዘ፤ ሳሶልም በ2017 የራሱን የሉዊዚያና እቅድ ተወው። ኢኮኖሚው የሚሠራው ጋዙ እጅግ ርካሽ፣ የዘይት ዋጋ ደግሞ ከፍ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ አስልቶ ቢሊዮኖች ማፍሰስ ቁማር ይመስላል። ኳታር ቁማሩን ማሸነፍ የቻለችው ሰሜን ፊልድ የተባለው ግዙፍ የጋዝ ክምችት ስላላት ነው።

ከዚህ ፋብሪካ የሚወጣው ናፍጣ በአመዛኙ ብቻውን አይሸጥም፤ ከተራ ናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ጥራት ማስተካከያ ይሆናል። ብቻውን በሚሸጥበት በኔዘርላንድስና በጀርመን የሚገዙት የወንዝ ጀልባዎች፣ የግንባታ ማሽኖችና ጀነሬተሮች ናቸው። ይህ ምርጫ አስተዋይ ነው እላለሁ። አንድ የወንዝ መርከብ ሞተር ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል፤ ማጣሪያ የለውም፣ ሊገጠምለትም ያስቸግራል፤ ባለቤቱም በአንድ ጀምበር አይለውጠውም። በከርሰ ምድር ማዕድን ማውጫና በዋሻ ግንባታ የሚሠሩ ሰዎችም ያንኑ ጭስ በዝግ ቦታ ይተነፍሳሉ። እዚህ ላይ ጥላሸትን በሩብ መቀነስ ትርጉም አለው።

ጀርመን ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ የኢኤን 15940 ናፍጣ በተራ ማደያዎች እንዲሸጥ ፈቅዳለች። በዚህ ደረጃ ስር ግን ከጋዝ የተሠራው ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ከተጠበሰበት የምግብ ዘይትና ከእንስሳት ስብ በሃይድሮጅን የሚሠራው ናፍጣም አለ። የሁለቱ ሞለኪውል ተመሳሳይ ስለሆነ ጭስ ማውጫው አይለያቸውም። ጥላሸቱም ናይትሮጅን ኦክሳይዱም እኩል ይቀንሳል። ልዩነቱ ያለው ከኋላ፣ ካርቦኑ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ከተጠበሰበት ዘይትና ከስብ የተሠራው የአየር ንብረት ሒሳቡንም ያሻሽላል፤ ጥሬ ዕቃው ግን ጥቂት ነው። ከጋዝ የተሠራውን ከዚህ ጋር አጣብቆ በአረንጓዴ ስም መሸጥ ቀላል የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ካሉብ እና የአዲስ አበባ ከፍታ

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የምትገባበት በር ሁለት ነው፤ አንዱ ጋዟ፣ ሌላው ከፍታዋ።

ከከፍታው እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ እፍጋት ከጅቡቲ ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ፖምፓው ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ፣ ተርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ ሞተር እዚህ ሲደርስ ነዳጁ ያው ሆኖ አየሩ ይጎድልበታል፤ ዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ የዚህ ውጤት ነው። ከጋዝ የተሠራ ናፍጣ እንዲህ ባለው ሞተር ላይ በርግጥ ይረዳል፤ በዓለም ላይ የበለጠ የሚረዳበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ እየገዛች በቦቴ ከጅቡቲ የምታጓጉዝ ሀገር ለዚህ ልዩ ዋጋ ትክፈል ማለት ቀልድ ነው። ፖምፓውን ለደጋ ማስተካከል፣ ኢንጀክተሩን ማጽዳት፣ የታፈነ የአየር ማጣሪያ መለወጥ፣ መኪናው ለቦሎ ሲቀርብም የጭሱን ጥቁረት በእውነት መለካት ከዚህ በብዙ ያነሰ ዋጋ አላቸው። ከነዳጁ በኩል ትልቁ እርምጃ የሚመጣው ዝቅተኛ ድኝ ያለውን ተራ ናፍጣ በጨረታ ሰነድ ላይ ከማስገደድ ነው።

ጋዙስ? በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የተመረቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ጋዝ ካለን ናፍጣ ለምን አንሠራም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ እንዲያውም ከውጭ የሚገባውን ናፍጣ የሚተካ ስለሚመስል ጆሮ ይገባል። ሒሳቡን እንሥራው። 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ በኃይል ይዘቱ ሲመነዘር ወደ 67 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ይሆናል። ያንኑ ጋዝ ወደ ናፍጣ ብንለውጠው በልወጣው የሚጠፋው ኃይል ተቀንሶ የሚተርፈው ከ45 ሚሊዮን ሊትር አይበልጥም። ኳታር ውስጥ ከፐርል ጎን ያለው ኦሪክስ የተባለው መለስተኛ ፋብሪካ በቀን 34,000 በርሜል የማምረት አቅም ስላለው ይህን ያህል በስምንት ቀን ያወጣዋል። የዚህን ኢንዱስትሪ ታሪክ ያየ ሰው ፋብሪካው ትልቅ ካልሆነ አያዋጣም ይላል፤ ትልቅ የሆኑትም እንኳ ዋጋቸው ገደብ አልነበረውም።

በሌላ በኩል ከባድ የጭነት መኪና ፈሳሽ ጋዝን ራሱን ማቃጠል ይችላል። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ ብትከለክልም፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚተምመው ተሳቢ ገና ናፍጣ ጠጪ ነው፤ በኤሌክትሪክ ለመተካትም ከአውቶሞቢል ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። ጋዝ የሚያቃጥል ሞተር ጥላሸቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ወደ ናፍጣ ሲለወጥ የሚባክነው ኃይልም ይተርፋል። ጣጣው ሌላ ነው። ፈሳሽ ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ስለሚቀመጥ መኪናው ለቀናት ከቆመ ታንከሩ ውስጥ እየተነነ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም በመተንፈሻው ወደ አየር ይለቀቃል። ሞተሩም ሳይቃጠል የሚያሾልከው ሚቴን አለ። አንድ ኪሎ ሚቴን በመቶ ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ግድም፣ በ20 ዓመት ሒሳብ ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል፤ ጥቂት በመቶ መሹለክ ብቻ ከናፍጣ የተገኘውን ብልጫ ይበላዋል። ስለዚህ በካሉብ ጋዝ የሚሄዱ መኪናዎች ይገዙ ሲባል በግዢው ሰነድ ላይ መቅደም ያለበት መስፈርት በሞተሩ ጭስና በታንከሩ መተንፈሻ በኩል የሚሾልከው ሚቴን በስንት ግራም ይገደብ፣ ማንስ ይለካው የሚለው ነው።